የሞላሌው ዲያና እና የመነጽሩ ሐዲድ

ጠመንጃው ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ለማስገጠም ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ስለ መነጽሩ ብዙ ያወራል። ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ መስታወቱ ምን ያህል እንደሚያጠራ፣ ማን ከየት አገር እንደላከለት ይነግረኛል። ከሥሩ ስለሚቀመጠው፣ መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር ስለሚያገናኘው፣ ስንዝር ስለማይሞላው ሐዲድ ግን የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ብረት ስቆርጥና ስሞርድ የኖርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ነው። መነጽሩን የያዙት ሁለት ቀለበቶች በ10 ሴንቲሜትር ተራርቀው ቢታሰሩና የኋለኛው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢንቀሳቀስ፣ 25 ሜትር ላይ ምቱ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ይስታል። አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ማለት የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ጠመንጃው ላይ በዓይን አይታይም፤ ወረቀቱ ላይ ግን በደንብ ይታያል።

በዚህ በጋ ከመንዝ፣ ከሞላሌ በኩል አንድ አባት በባና የተጠቀለለ ጠመንጃ ይዘው ወደ ሥራ ቤቴ መጡ። ባናውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት ጀርመን ሠራሽ አሮጌ ዲያና የአየር ጠመንጃ ሆኖ አገኘሁት። አፈሙዙን ወደ ታች ሰብረው በውስጡ ያለውን ሞላ (ስፕሪንግ) የሚወጥሩት ዓይነት ነው። ይህ ፋብሪካ በ1890 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ራስታት በተባለች የጀርመን ከተማ የተመሠረተ ነው። ምልክቱ ብረቱ ላይ አሁንም ይነበባል፤ የአደን አምላክ የምትባለው ዲያና ቀስቷን ጥላ የአየር ጠመንጃ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ሰደፉ ከብዙ እጅ ብዛት ጠቁሮ እንደ ቆዳ ለስልሷል። ዝገት የሚባል አላየሁበትም። ዘይት ሳያገኝ የከረመበት ክረምት የለም ብዬ እገምታለሁ።

አፈሙዝ ያለው ነገር ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ወረቀቱን ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ይህን አጥብቄ እይዛለሁ፤ «የአየር ነው እኮ» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ባለቤቱ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ ጠይቆ፣ ተነግሮት መምጣት አለበት። ሁለተኛው ጥያቄዬ ምን ሊመቱበት እንደሆነ ነው። ጭላዳ ገብሱን ነቀለብኝ ብሎ መነጽር የሚያስገጥም ሰው ቢመጣ አልሠራለትም። ጭላዳ ከእኛ ተራሮች ሌላ አገር የለውም፤ ገብስ ጠባቂ ይቆምለታል። እኒህ አባት ሁለቱንም ጥያቄ ቅር ሳይላቸው መለሱ። ወረቀታቸው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከኪሳቸው ወጣ። የሚመቱት ደግሞ ከቤታቸው ጓሮ ካለው የድንጋይ ካብ ላይ የሚደረደር ጣሳና ካርቶን ላይ የተሳለ ኢላማ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ያስተምሩበታል።

«ልጄ፣ ኢላማውን አየዋለሁ። ጠመንጃው ላይ ያለችውን ጉጥ ግን አላያትም። ወይ እሷ ትደበዝዛለች ወይ እሱ ይደበዝዛል» አሉኝ።

ከዚህ በተሻለ ሊገልጸው የሚችል የዓይን ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ያለ መነጽር የሚያነጣጥር ሰው ሦስት ነገር አንድ ላይ ማየት አለበት፦ ከፊቱ ያለውን የኋላ ማነጣጠሪያ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ጉጥ እና ሩቅ ያለውን ኢላማ። የወጣት ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ሦስቱንም የሚያይ ይመስለዋል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ውስጠኛው ሌንስ ይደርቃል፤ ቅርቡን ማጥራት ይተዋል። መነጽር በውስጡ የሚታየውን የማነጣጠሪያ መስቀልና ኢላማውን አንድ ርቀት ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ዓይን የሚመርጠው ነገር አይኖርም። ስለዚህ መነጽር ለእኒህ አባት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን ሙያ ይመልስላቸዋል። ሸዋ ውስጥ ኢላማ የሚመታ ሰው ምን ዓይነት ክብር እንዳለው የምናውቅ እናውቀዋለን፤ እኒህም ምንሽርና ውጅግራ በእጃቸው ያለፈ ሰው ናቸው። ሥራውን በሙሉ ልቤ የተቀበልኩት በዚህ ምክንያት ነው።

መነጽሩን ልጃቸው ከውጭ አገር ልኮላቸዋል። ጥሩ መነጽር ነው፤ ለሞላ ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ፣ ከ9 ሜትር ጀምሮ ማጥራት የሚችል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለጥይት ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ብዙ ጊዜ የሚያጠራው በ90 ወይም በ100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በ20 ሜትር ላይ ምስሉ ጭጋግ ይሆናል። ችግሩ ቀለበቶቹ ላይ ነበር። ቀለበቶቹ ሰፊውን፣ 21 ሚሊሜትር የሚሆነውን የፒካቲኒ ሐዲድ የሚይዙ ናቸው። የእሳቸው ዲያና ላይ ያለው ደግሞ ጠባቡ፣ በአውሮፓ የአየር ጠመንጃዎች የተለመደው 11 ሚሊሜትር የሚባለው ዶቭቴይል፣ ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ሐዲድ ነው። ፒካቲኒ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ያለ የጦር መሣሪያ ማዕከል ስም ነው፤ ልኩ በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጦር ኃይሉ ደረጃ ቁጥር 1913 ተብሎ ወጣ። በላዩ ላይ በየ10 ሚሊሜትሩ 5.2 ሚሊሜትር የሚሰፋ ቦይ አለው። ቦዩ ውስጥ የቀለበቱ መቀርቀሪያ ስለሚገባ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መንሸራተት የለም። ጠባቡ ዶቭቴይል ግን ከዳር እስከ ዳር ልሙጥ ነው። የሚይዘው ጭብጥ ብቻ ነው።

«11 ሚሊሜትር» ሲባል ደግሞ ማንም በቃሉ አይመን። በዚህ ስም የሚጠራው ሐዲድ ከ9.5 ሚሊሜትር ጀምሮ እስከ 14 የሚጠጋ ሆኖ ይገኛል፤ የጎኑ ዝቅዝቃትም ከጠመንጃ ጠመንጃ ይለያያል። ካሊፐር አውጥቶ ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ መለካት ግድ ነው። አሮጌ ጠመንጃ ላይ ሦስቱ ልክ ላይገጥም ይችላል።

እዚህ ላይ አባታችን ያመጡትን ወሬ ልንገራችሁ። ከእኔ በፊት አንድ ሌላ ሥራ ቤት ወስደውት፣ «ከላይ ሁለት ቀዳዳ በስተን፣ የብሎን ጥርስ አውጥተን፣ ሰፊ ሐዲድ በብሎን እናስርልዎታለን» ተብለው ነበር። እንኳንም እሺ አላሉ። በጥይት ጠመንጃ ላይ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። በሞላ አየር ጠመንጃ ላይ ግን ከሐዲዱ ሥር ያለው ቱቦ የጠመንጃው ልብ ነው። ፒስተኑ የሚሮጠው በዚያ ውስጥ ነው። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ጨምቆ በጠባቡ ቀዳዳ በኩል ወደ አፈሙዙ ይገፋዋል፤ የእርሳስ ፍሬዋን የሚያስወጣት ያ አየር ነው። የቱቦው ግድግዳ ቀጭን ነው። ትራፓኖ ገብቶ አንዴ ካለፈው አየር ያፈስሳል፤ ባያፈስስም ውስጥ የቀረው ሹል ጠርዝ የፒስተኑን ማሸጊያ በየተኩሱ እየላጨ ይጨርሰዋል። እንዲህ የሆነ ጠመንጃ ቱቦው ካልተለወጠ አይድንም። ለአሮጌ ዲያና ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ቱቦ ከየት ይመጣል? እባካችሁ፣ የሞላ አየር ጠመንጃ ላይ አትብሱ።

ታዲያ ያለ ቀዳዳ እንዴት ይያዛል? መልሱ ያለው ጠመንጃው ሲተኮስ ወዴት እንደሚሄድ በማወቅ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጠመንጃ ሁሉ ወደ ኋላ ይረግጣል ብሎ ያስባል። የሞላ ጠመንጃ ሁለት ጊዜ ነው የሚረግጠው። ፒስተኑ ወደ ፊት ሲነሳ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወዲያው ፒስተኑ ጫፉ ላይ ደርሶ ሲቆም ጠመንጃው በኃይል ወደ ፊት ይላጋል። የከፋው ይህ ሁለተኛው ነው። አውቶቡስ ድንገት ሲነሳ ቆሞ የነበረ ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚወድቅ፣ ጠመንጃው ወደ ፊት ሲላጋ መነጽሩ ወደ ኋላ ይቀራል። በየተኩሱ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ተኳሹ ዓይን ይጠጋል። ለጥይት ጠመንጃ የተሠራ ጥሩ መነጽር በሞላ ጠመንጃ ላይ የሚሰበረውም በዚሁ ነው፤ ውስጡ የተደገፈው ለአንድ አቅጣጫ ርግጫ ብቻ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይብሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ጋር ሲነጻጸር በጥቅጥቅነቱ ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ፒስተኑን ጫፍ ላይ የሚቀበለው ያ የተጨመቀ አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፤ ብረቱ በረታ ብሎ ይመታል። ሞላሌ ላይም ያው ደጋ ነው። እዚህ የተስተካከለ ጠመንጃ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ ሲተኮስ ምቱ ቦታውን ሊለውጥ ስለሚችል እንደገና መፈተሽ ይፈልጋል።

ስለዚህ መከላከያው መቀመጥ ያለበት መነጽሩ ወደ ኋላ እንዳይሄድ በሚያግድበት በኩል ነው። አሮጌ ዲያናዎች ላይ ከሐዲዱ ጀርባ አንድ ትልቅ ራስ ያለው ብሎን አለ። የሚያየው ሰው ሁሉ ማገጃ ይመስለዋል፤ ቀለበቱን እሱ ላይ ያስደግፋል። ብሎኑ ለዚያ ሸክም አልተሠራም፤ በተደጋጋሚ ሲገፋ አንገቱ ይቆረጣል። እኔ ማገጃውን ያደረግሁት በሌላኛው ጫፍ ነው። በምሠራው ሐዲድ ፊት ላይ የብረት ጥርስ ወደ ታች አወረድኩ፤ ጥርሱ ከዲያናው ሐዲድ የፊት ግንባር ውጭ ተንጠልጥሎ በጀርባው ግንባሩን ይነካል። አዲሱ ሐዲድ ወደ ኋላ ልሂድ ሲል ጥርሱ ሙሉ የብረት ግንባር ያገኛል። የትኛውም ብሎን አይገፋም፣ የትኛውም ቱቦ አይበሳም።

ሐዲዱን የሠራሁት ከአሉሚኒየም ነው፤ ማገጃ ጥርሱና የጠመንጃውን ሐዲድ ከጎን የሚነክሰው መንጋጋ ብቻ ከብረት። ጠመንጃው ራሱ ከባድ ስለሆነ ከላይ ሌላ ክብደት መጨመር አልፈለግሁም። ፍሬዛ ያለው ወዳጄ ማሽኑን ለቀቀልኝ፤ ሥሩ ጠባቡን ይይዛል፣ ላዩ የፒካቲኒ ቦዮች አሉት፣ ርዝመቱ 13 ሴንቲሜትር ነው። የቀረው ሥራ የሞረድ ነው፤ ልቤ ያለው እሱ ላይ ነው።

መንጋጋው ጠመንጃውን በመስመር ሳይሆን በሙሉ ገጹ መያዝ አለበት። ይህን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ጧፍ ለኩሼ የመንጋጋውን ገጽ በጭሱ ላይ አዞርኩት፤ ጥላሸቱ እኩል ሲለብሰው በጥንቃቄ አሰርኩና መልሼ ፈታሁት። ጥላሸቱ የተፋቀው ከላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ክር በምታህል መስመር ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ ጥቁር ነው። ያ ማለት የመንጋጋው ዝቅዝቃት ከጠመንጃው ጋር አልገጠመም፤ ብሎኑ ቢጠብቅ እንኳ የያዘው ጠርዙ ብቻ ነው። መስመሩ ላይ ለስላሳ ሞረድ አንድ ሁለቴ፣ እንደገና ጥላሸት፣ እንደገና ማሰር። መስመሩ ቀስ በቀስ ሰፋ፤ መጀመሪያ ገመድ አከለ፣ ቀጥሎ የገጹን ግማሽ ወሰደ፣ በመጨረሻም ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆነ። በዚህ ሁሉ ሞረዱ የነካው የእኔን መንጋጋ እንጂ የእሳቸውን ጠመንጃ አይደለም። የሚሞረደው ሁልጊዜ ርካሹ፣ ሊተካ የሚችለው ዕቃ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ የአፈሙዝ መዝመም። በሚሰበር አፈሙዝ ጠመንጃ አፈሙዙ ማጠፊያው ላይ ጥቂት ወደ ታች ያዘነበለ ሆኖ ይገኛል። በጠመንጃው የራሱ ማነጣጠሪያ አይታወቅም፤ የፊቷ ጉጥም የኋላው ማነጣጠሪያም አብረው የሚሄዱት ከአፈሙዙ ጋር ስለሆነ። መነጽር ግን የሚቀመጠው ቱቦው ላይ ነው። ይህን ስለማውቅ መጀመሪያ የሠራሁት ሐዲድ ዝቅዝቃት የሌለው፣ ለመለኪያ ብቻ የሚሆን ነበር። የመነጽሩን ማስተካከያ መሃል ላይ አድርጌ 25 ሜትር ላይ ስተኩስ ምቱ ከመስቀሉ 12 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ወደቀ። በመነጽሩ ማስተካከያ ብቻ ይህን ማንሳት ይቻላል፤ ነገር ግን ማስተካከያው ወደ ጫፉ ሲገፋ ውስጡ ያለው ትንሽ ሞላ ይላላል፣ መስቀሉም መዋለል ይጀምራል። ከኋለኛው ቀለበት ሥር ቁራጭ ቆርቆሮ የሚያስገቡም አሉ፤ ያ የመነጽሩን ቱቦ ያጎብጠዋል። ንጹሑ መንገድ ሐዲዱን ራሱን ማዘንበል ነው። 12 ሴንቲሜትር ለ25 ሜትር ሲካፈልና በ13 ሴንቲሜትር ሲባዛ 0.6 ሚሊሜትር ይመጣል። ሁለተኛው ሐዲድ ከኋላ በዚህች ልክ ከፍ ብሎ ተሠራ፤ በዓይን ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው የሚመስለው።

ገጠማው ላይ ብዙ አልቆይም። ሐዲዱንና መንጋጋውን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጠርጌ አደረቅኋቸው፤ አባቶች ጠመንጃ ሁሉ ዘይት ይወዳል ይላሉ፣ ልክ ነው፣ በዚህ መገናኛ ላይ ግን ዘይት ማንሸራተቻ ነው። የቀለበቶቹን ብሎኖች በአለን ቁልፍ፣ በሰያፍ እየተለዋወጥኩ በጥቂቱ አጠበቅኋቸው፤ ወደ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃል፣ ጉልበት የጨመረ ሰው የመነጽሩን ቱቦ ይጨፈልቃል። ከማጥበቄ በፊት መስቀሉን ያስተካከልኩት በቱንቢ ነው። የግንበኛ ቱንቢ ከግቢው ማዶ አንጠልጥዬ፣ ጠመንጃውን ሞርሳ ላይ በጨርቅ አስሬ፣ በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ የመስቀሉን ቋሚ መስመር ከቱንቢው ገመድ ጋር አገናኘሁት። መስቀሉ ያዘነበለ መነጽር በአንድ ርቀት ላይ ይመታል፣ ርቀቱ ሲለወጥ ወደ ጎን ይስታል።

ኢላማውን መጀመሪያ 10 ሜትር ላይ፣ ቀጥሎ 25 ላይ አደረግነው። የዚህ መነጽር ማስተካከያ በአንድ ጠቅታ 100 ሜትር ላይ 7 ሚሊሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል፤ 25 ሜትር ላይ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም። በአሥር ሜትር ምቱ ዝቅ ማለቱ አባታችንን አሳሰባቸው። መነጽሩ ከአፈሙዙ በላይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በቅርብ ርቀት እንዲህ መሆኑ ተፈጥሯዊ እንደሆነ ነገርኳቸው።

25 ሜትር ላይ የእኔ ምቶች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ የእሳቸው ግን ተበተኑ። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አላስፈለገም። ጠመንጃውን እንደ ምንሽር ነው የያዙት፤ ሰደፉን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ ግራ እጃቸው እንጨቱን አንቆ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ላላ አድርገው ይያዙት። ፍሬዋ አፈሙዙን ሳትለቅ ነው የሚላጋው፤ ካነቁት በየጊዜው ሌላ ቦታ ይጥላታል» አልኳቸው።

«ጠመንጃ ላላ ብሎ ይያዛል?»

«ይህኛው ይያዛል። መዳፍዎን ዘርግተው ያስቀምጡበት፤ እንደ ፈለገ ይንቀሳቀስ።»

ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ የግራ መዳፋቸውን ገልብጠው ጠመንጃውን አሳረፉበት። የሚቀጥሉት ፍሬዎች እርስ በርስ እየተነካኩ ገቡ። ካርቶኑን ራሳቸው ሄደው አወረዱትና አጥፈው ከወረቀታቸው ጋር ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

ከመሄዳቸው በፊት በሐዲዱና በዲያናው መገናኛ ላይ በመርፌ ጫፍ አንዲት ቀጭን መስመር አሰመርኩ፤ ግማሿ በአንዱ፣ ግማሿ በሌላው ላይ። መስመሯ ከተሰበረች ሐዲዱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ የመንጋጋውን ብሎኖች የልጅ ልጃቸው በየጊዜው እንዲፈትሽ አሳየሁት።

ለራሱ ጠመንጃ ሐዲድ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ጠመንጃውን ይዞ ሊመጣ ባይችል እንኳ፣ የሐዲዱን ስፋት ከፊት፣ ከመሃልና ከኋላ በካሊፐር ለክቶ፣ ጠቅላላ ርዝመቱን፣ በጎንና በጎኑ ያሉትን የሁለቱን ጎድጓዶች ጥልቀት፣ የፊት ግንባሩ ቀጥ ያለ ይሁን የተጠጋጋ፣ እንዲሁም ሐዲዱ ላይ የዛገ ወይም የላላ ብሎን መኖር አለመኖሩን ጽፎ ይምጣ። የመነጽሩ ቱቦ 25.4 ይሁን 30 ሚሊሜትር መለካቱንም አይርሳ። የጎኑን ዝቅዝቃት መለካት ግን በቤት ውስጥ አስቸጋሪ ስለሆነ ጫፉን በሰም ወይም በሊጥ አትሞ ያድርቅና ያምጣልኝ፤ ከዚያ ላይ እወስደዋለሁ።